መብራቱን ማን አጠፋው?

በካሶስ ደሴት ላይ፣ በነጩ ቤት ጓዳ፣
አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ዘይት ስቀዳ፣
ስለካ፣ ስከድን፣ ክሩን ስከረክም፣
እሷን እንደ እኔ የሚያውቃት የለም።

እመቤት ዛምቤታ፣ የስድስት መርከብ ጌታ፣
ባሏን ጠዋት ቀብራ፣ መዝገብ ገልጣ ማታ፣
እንባዋ ሳይደርቅ ከጥቁር ሻሿ ጫፍ
ትደምር ነበረ የሸራና ገመድ ትርፍ።

ወንዶቹ ሳቁባት፤ «ሴት ምን አላት ከባሕር!»
ዓመት ሳይሞላ ግን ቆሙ ከደጇ ሥር፣
ባርኔጣ አውልቀው ብድር ሊለምኑ።
ሰጠቻቸው። ተጻፈ፣ ስሙም ወሩም ቀኑ።

ደግ ነበረች ያኔ፤ አልክድም፤ እኔን ራሴን፣
የፈላ ዘይት የላጠው ጊዜ ይህን ክንዴን፣
ማር ቀብታ አሰረችው፣ ቀድዳ ያንገት ልብሷን።

ግን ስድስት አልበቃት።
ሰባተኛው የስታማቲስ ነው፣ የባሏ ወንድም፤
ከኦዴሳ ስንዴ ጭኖ የሚመጣው፣
ከስንዴው በታች አንድ ወረቀት ያለው፣
«ግማሹ የኔ ነው» የሚል፣ ከነዳኛው ማኅተም።
‹ግማሽ› የሚሉት ቃል ከምሳዋ ጋር ገብቶ
እንደ ዓሣ አጥንት ቀረ፣ ጉሮሮዋን ወግቶ።

የካቲት ነበረ፣ ነፋስ ሲያፏጭ ከሰሜን፤
አስጠራች ያኩሚስን፣
ከአለቱ ጫፍ ላይ ፋኖስ የሚጠብቀውን።
«ዛሬ ማታ» አለችው፣ «ዘይት አለቀብህ።»
«ኧረ ሁለት እንስራ ሙሉ አለኝ፣ እመቤቴ።»
«አለቀብህ» አለችው። አየ ቁልቁል መሬቱን።
የልጁን መዳሪያ ዕዳ ቀደደች፣ ወረቀቱን።

እኔ ከበሩ ኋላ፣ ማሰሮ ታቅፌ፣
ሰማሁ፤ ዝምም አልኩ።
ዕዳ አለብኝ እኔም፣ በዝምተኛው አፌ።

ሚናስም ነበረ በዚያ መርከብ ላይ፣
የስታማቲስ ልጅ፣ አሥራ ስድስት ዓመቱ፣
ክርስትና ያነሳችው እሷ፤
ሻማ ያበራችለት እሷ፣ በሕፃንነቱ።
«ሰምርኔስ ወርዶ ቀርቶ ይሆናል» አለች ለመስኮቱ፤
«ልጅ አይደል፤ በለስ ይወዳል።»

አልቀረም።

ማለዳ ባሕሩ ስንዴ ተፋ፤ ዳርቻው ወርቅ መሰለ፤
ዶሮ ወርዶ ለቀመ፤ እሽ የሚል ማን አለ?
ወረቀቱን ያየ የለም። ልጁን ሁላችን አየን።
ኪሱ ውስጥ ደረቅ በለስ፣ በቀይ ክር የታሰረ፣
ለክርስትና እናቱ ሊሰጥ የነበረ።

አላለቀሰችም። በለሱን ተቀበለች፤
እስካሁን አልበላችው፣ እስካሁን አልጣለች።

ከዚያ ወዲህ ነው መብራቱ።
በየደረጃው ፋኖስ፣ በየመስኮቱ ኩራዝ፣
በረት ውስጥ ሳይቀር፣ ከፍየሎቹ አናት፤
ዘጠኝ ማሰሮ ዘይት በአንድ ሌሊት።
ዓሣ አጥማጆች ከሩቅ አይተው
«ዛምቤታ ድግስ አላት» ይላሉ።
አንድ መርከብ ተሸጠ ለዘይት፤
ቀጥሎ ሌላው፤
ዘንድሮ የቀረው ያ ትንሹ፣ ስፖንጅ የሚያመላልሰው።

እኩለ ሌሊት ትነሳለች። ያ ወንድ ያስጎነበሰ ድምፅ
ቀጥኖ፣ እንደ ሕፃን፣
ትጠይቀኛለች፦ «መብራቱን ማን አጠፋው?»
«ማንም፣ እመቤቴ። ይኸው፣ ሁሉም ይነዳል።»
ዞራ ታያለች፤ ታያለች፤ ጣቷን ነበልባሉ ይልሰዋል።
«አይደለም» ትለኛለች። «አጥፍቻለሁ።»

‹እኔም› የምትል ቃል ምላሴ ጫፍ ትደርሳለች።
ጎንበስ እላለሁ፤
ማሰሮው ያዘነብላል፤
ዘይቱ ይንቆረቆራል።