ትማር

በሙሐረቅ ከተማ፣ በነርሶች ትምህርት ቤት፣
ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስድስት አልጋ አለበት፤
አምስቱ ላይ ያሉት የፕላስቲክ ሰዎች፣
አፋቸው የተከፈተ ዝምተኛ ሕመምተኞች።
ስድስተኛው አልጋ፣ ጥጉ ጋ ያለው፣
በሰዓት ተከፍሎት ለሚታመም ሰው ነው።

ያን ማለዳ ግን ሰውየው ቀረ፤
"አሞኛል" ብሎ ደወለ።
ሲስተር ሮሳማ ሳቀች፣ ዞር ብላም አየችኝ፣
"ሽታዬ፣ መወልወያሽን ተይና ተኚ" አለችኝ።
ተኚ! በዘጠኝ ዓመት፣ በጠራራ ብርሃን፣
ይህን ቃል በትእዛዝ የሰማሁት አሁን።

ካርድ አነበቡልኝ። ዕድሜዬ ሆነ ስልሳ፣
ስሜ ኡም ጃሲም፣ ጣቴ ላይ የማይሽር ጠባሳ፤
ስኳር አለብኝ። ልጅም ወለድኩ፣ አምስት፣ በደቂቃ ውስጥ፣
ያለ አዋላጅ እጅ፣ ያለ ምንም ምጥ።

መጀመሪያ ጋዳ ገባች፣ ዐይኗ ወረቀቷ ላይ፣
"ሕመምሽ ከአስር ስንት ነው?" አለች ፊቴን ሳታይ።
ምን ልበላት? የኔ አገር ሰው
ነፍሱ ስትወጣ እንኳ ለጠየቀው
"ደህና፣ ይመስገን" ነው የሚመልሰው።
"ደህና ነኝ" አልኳት።
"ደህና" ብላ ጻፈች። ወጣች።

ሲስተር ሮሳማ እጇን አነሳች፦
"ደህና የተዘጋ በር ነው። አንኳኩና ጠብቁ።
ሰውየው ከኋላው ቁልፍ እየፈለገ ይሆናል።"

ሁለተኛው ሐመድ ጮኸብኝ፣
ሕመም ጆሮ የሚደፍን ይመስል።

ሦስተኛዋ ፈጅር ናት። ቀጫጫ።
ወንበር ስትጎትት ወንበሩ ጮኸ፣ ራሷ ደነገጠች፣
ግን ተቀመጠች። ዐይኗ ከዐይኔ እኩል ወረደ።
"ሽስምች?" አለችኝ። ስምሽ ማን ነው?
ካርዱ ጠፋብኝ።
"ሽታዬ" አልኳት።
ማዳም ቤት ሳራ ነበርኩ፤
ከእኔ በፊት የነበረችውም ሳራ፣ የተተካችውም ሳራ፣
ለአፍ እንዲቀል።

"ሽታዬ፣ ምን ያስፈራሻል?"

ከደረጃ የወደቅኩ ዕለት
ሐኪሙ ጠየቀ፣ ማዳም መለሰች።
"ትበላለች?" "ትበላለች።"
"ያማታል?" "ኧረ ደክሟት ነው።"
ገበታ ላይ ሁለት ሰው ጨው እንደሚቀባበል
በላዬ ላይ እኔን ተቀባበሉኝ።
ጉልበቴ እስከ ዛሬ ዝናብ የሌለበት አገር
ዝናብ ሊመጣ ነው ይለኛል።
የሚያስፈራኝ፣ አልኳት፣ መታመሙ አይደለም፤
ስታመም ሌላ ሰው እንዳይመልስልኝ ነው።

ይህን ሁሉ በማድቤት ዐረብኛዬ፣
ወንድና ሴት በማይለይ ግሥ።
ጋዳ ካርዱን ታገላብጣለች፤
ኡም ጃሲም ከደረጃ አልወደቀችም።
ሲስተር ሮሳማ ደወሉን በመዳፏ ያዘችው፣
ሰዓቱ አልፎም አላስጮኸችውም።

ፈጅር አላጽናናችኝም። ትከሻዬንም አልነካችም።
ቆይታ፣ ቆይታ፣
"በእናንተ አገር የታመመን ሰው ምን ትሉታላችሁ?"
"ይማርሽ" አልኳት።
"ይማሪሽ" አለች፣ ምላሷ ተሰናክሎ።
"ምን ማለት ነው?"

እንዴት አድርጌ ልፍታላት?
ቋንቋዬ ቆጥቋጣ ነው፣ ለሁለት ቤት አንድ ቃል ያበድራል፦
ደብተር የያዘችም ትማር፣
አልጋ የያዘችም ትማር።
"እግዜር ያድንሽ ማለት ነው" አልኳት፤
ግማሹ እኔው ጋ ቀረ።

በመጨረሻ ቅጽ መጣ፣ ታማሚዋ የምትሞላው፦
ነርሷ ሰምታሻለች ወይ? ሳጥን፣ ሳጥን፣ በዐረብኛ።
ማንበቡን አልችልም። ከሳጥኖቹ በታች፣ በራሴ ፊደል
"ተማረች" ብዬ ጻፍኩ።
ሲስተር ሮሳማ ወረቀቱን ዘቅዝቃ፣ አቃንታ፣
"ምን ይላል?" አለችኝ።
ነገርኳት፣ አንደኛውን ፍቺ ብቻ።
"ማን?" ብላ አልጠየቀችኝም።

መወልወያዬን አነሳሁ። ባልዲው ቀዝቅዟል፣
የወለሉ ግማሽ ደርቋል፣ ግማሹ እንደ ነበረ።
ስድስተኛው አልጋ ላይ፣ አንሶላው ላይ፣
የኔ ቁመት ተጋድሟል፣ ጉልበቱ ትንሽ ታጥፎ።
ልዘረጋው እጄን ሰድጄ
ተውኩት።