መጀመሪያ የሚጻፈው

ጦሳ ጉሙን ደርቦ፣ መስኮቴን ሲያልበው፣
የይመርን ካርድ ነው ደግሜ የማነበው።
ሸዋ በር ሱቅ አለው፣ ዕድሜው አምሳ ሁለት፤
«ሆዴን ነው» ሲላት፣ ታችኛውን ላለመጥራት፣
ተረኛዋ ነርስም ጻፈች «የሆድ ቁርጠት»።

ቁርጠት የለበትም፤ እንድሪስ ነው ያለበት፣
ታላቁን አምና ጥር ያንጀት ካንሰር ወስዶበት።
እሱማ ደኅና ነው።
ጨዋማውን ጠጥቶ፣ ሌሊት ሲመላለስ አድሮ፣
ሳያመው ነው የመጣው፣ «እዩኝ» ለማለት ደፍሮ።
ቁርጠቱን በአንዲት መስመር ሰረዝኩ፤ ቀኑን ጽፌ ፈረምኩ።
እንዲነበብ ግን ተውኩ።

ዶክተር ዘምዘም በካሜራው ስትገባ ሽምብራ የምታህል እባጭ አገኘች፤
እዚያው ቆርጣ አወጣች፤
ብልቃጥ ውስጥ ሆና ወደ ላቦራቶሪ ሄደች።

«እባጩን አስቀድሚ» አለኝ የመድኑ ሰው በስልክ።
እምቢ አልኩ፤ ቅደም ተከተልም አለው ልክ፦
የተገኘው የመጣበትን አይቀድምም።
መጀመሪያ «ቅድመ ምርመራ፤ ምልክት የለም»፣
ቀጥሎ ሽምብራዋ።
ለእንድሪስም ኮድ አለው መዝገቡ፣ «የቤተሰብ ታሪክ» የሚል፤
ሣጥኑን ከፍቼ ቁጥሩን ሞላሁት። ስም አይቀበልም።