ሥሩን አይተኸዋል?

ከወደቡ በላይ፣ የጀልባ ትኬት ከሚቆረጥበት፣
ቆርቆሮ ክዳን፣ ሁለት ወንበር፣ ይኸው ነው የኔ መሥሪያ ቤት።
ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔት፣ ማመልከቻ ጽሕፈት፣
ስካንም አለ፣ ሲፈቅድለት።

ባለፈው ሳምንት ሱቅ ስቀይር ሊኑክስ ጫንኩበት፣
የድሮውን ቫይረስ በላብኝና ተገላገልኩት።
ነፃ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሕመም አያውቀውም፤
ከስካነሬ ጋር ግን ገና አልተዋወቁም።

ረፋዱ ላይ ወይዘሮ አንጓች መጡ፣ ከደቅ ተሻግረው፣
አረንጓዴ የመሬት ደብተር በፌስታል ጠቅልለው።
«ታንኳው ውሃ ያዘ፤ እሱም ትንሽ ጠጣ» አሉኝ እየሳቁ፣
የራሱት ገጾች አንድ ባንድ ሲላቀቁ።
«ቀለሙ ሳይሄድ አንሳልኝ፤ ጀልባዬ ስምንት ሰዓት ነው።»

ደብተሩን በመስታወቱ ላይ ደፍቼ ክዳኑን ዘጋሁት፤
«ስካነር የለም» አለኝ ማሽኑ፣ ታቅፌው እያየሁት።

ገመዱን ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ከፊት ወደ ኋላ፤
ማከፋፈያውን ትቼ በሌላ ቀዳዳ፣ ደግሞ በሌላ።
ዩኤስቢውን ጠየቅሁት፤ «እዚህ አንድ ዕቃ አለ» አለ፤
ስካነሩን ጠየቅሁት፤ «እዚህ ማንም የለ»።

ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ በሩት ስም ሳዝዘው፣
«አቤት!» አለ ወዲያው፣ ሞዴሉን ዘርዝሮ፣ ቁጥሩን ቆጥሮ ሰጠው።
ለኔ የተደበቀ፣ ለሩት የሚታይ!
«ሩት ማናት?» አሉኝ፣ «ሚስትህ ናት ወይ?»
«ሴት አይደለችም እማማ፣ ሥር ማለት ነው፣ የቤቱ አባወራ።»
«አንተስ?»
«እኔማ ተጠቃሚ፤ ተራ።»

ለካ የጎደለኝ ፈቃድ ነው። ስሜን ከማኅበሩ መዝገብ ጨመርኩ፤
ወጣሁ፣ ገባሁ፣ እንደ ቀበሌ ጉዳይ እንደገና ተሰለፍኩ።
አሁን ከነሙሉ ስሙ ስክሪኑ ላይ ወጣ፤
ደስ ብሎኝ ልጫነው ስል መብራት ሄደ፤ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ መጣ።

ተጫንኩት። አምፖሉ በራ፤ ጋሪው ግን አልሄደም፤
ግርርር አለ፣ አቃሰተ፣ አንድ ጣት አልተራመደም።
ድራይቨር ቀየርኩ፣ ጥራቱን ከሦስት መቶ ወደ መቶ ሃምሳ አወረድኩ፣
ሎጉን ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች አነበብኩ፤
ጎርጎራ ያለውን የአጎቴን ልጅ በስልክ አደከምኩ።

ወይዘሮ አንጓች ሐይቁን አዩ። ሰዓቱን አዩ።
ጥላው ከሾላው ሥር ወጥቶ ወደ ደጃፌ ሲዘረጋ አዩ።
«ልጄ፣ ሥሩን አይተኸዋል?»
«በሥር ስም አዝዣለሁ እማማ፤ እሱ ሁሉን ያያል።»
«ያንተን ሥር አላልኩም። የዚህን ዕቃ ነው፣ የሆዱን።
እኛ ታንኳ እንቢ ሲለን ገልብጠን ነው የምናይ ጉዱን።»

ገለበጥነው።
ከሆዱ ሥር አንዲት ቁልፍ፣ ጥፍር የምታህል፣ ተዘግታ፤
ለመንገድ ብዬ በእጄ የቆለፍኳት፣ ዕቃ የጫንኩ ማታ።

ቀጭ!
ብርሃኑ ተነሣ፤ ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብሎ ቀዘፈ፣
በሟች ባላቸው ፎቶ፣ በማኅተሙ፣ በእርጥቡ ጠርዝ አለፈ።
ገጹ ወጣ። ጥጉ ላይ ውሃው የተወው ቡናማ ክብ፣
የትንሽ ደሴት ካርታ ይመስላል ሲያዩት ቀረብ።
«ይህን ላጥፋው? ማጽጃ አለኝ፤ ምንም አያስቸግርም።»
«ተው። እሱን ካጠፋህ ደብተሩ የኔ አይመስልም።»

ጀልባው ጮኸ። መልስ ሳይቀበሉ ቁልቁል ወረዱ።
እኔ ክዳኑ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፣ ጀልባው ሳይርቅ ከመንገዱ፤
«መጀመሪያ ሥሩን እይ» ይላል፣ በማርከር፣ በትልቁ።
ተረኛው ደንበኛ አነበበና፣
«የቱን ሥር?» አለኝ፣ ወረቀቱን እንደያዘ ቆሞ በደረቁ።