የዳኘው ቀጠሮ

ስሜን ዳኘው ብለውኛል፣ ጠብ ሲነሣ ይጠሩኛል፣
የጥሎሽ ነው፣ የውርስ ነው፣ ሁሉን ጉድ ያሰሙኛል።
ሐሙስ ማታ ግን የመጡት የልጅ ልጆቼ ናቸው፣
ኢታይና አቪሻይ፣ እንደ ወይፈን ተፋጥጠው።
ክሱ የላም አልነበረ፣ የድንበርም አልነበረ፣
የቴሌቪዥን ጨዋታ ነው ቅርያት ማልአኪን ያሸበረ፣
ቢያንስ የእኛን ሦስተኛ ፎቅ።

«ተጠየቅ!» አልሁ ሳቄን ውጬ። ኢታይ ነበር የቀደመ፦
«አባባ፣ ጭጋግ ውስጥ ገብቼ ድንጋይ ብቻ ነው የጫንሁት፤
ወንዝ ዳር አራግፌ፣ ሌላ ሄጄ ያመጣሁት።
ግማሽ ሰዓት ታገሥሁ፣ ከንቱ ነው ብዬ ተውሁት።»

አቪሻይ ብድግ አለ፦ «ዐሥራ አንደኛው ሰዓት ላይ
ድልድዩ ይቆማል እኮ! ማዶ ነው ጉዱ የሚታይ።
ከደጅ ቆሞ ቤት ማማት፣ ጓዳውን ገብቶ ሳያይ?»

«ዐሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ድንጋይ የሚያሸክም ጌታ፣
ደመወዙ ማዶ ነው ሲል፣ ይህ ሥራ ነው ወይስ ጨዋታ?»

እውነቱን ነው፣ አልሁ በሆዴ።
«አንተሳ፣» አልሁት አቪሻይን፣ «ስንት ሰዓት ቆየህበት?»
«መቶ ዐሥር!» አለኝ ኮርቶ፣ ርስት እንደ ቆጠሩለት።
መቶ ዐሥር ሰዓት? ይህማ ዘመድ ሆኗል፣ ተጋብቷል፤
ዘመድ ለዘመዱ ቢምል ማን ምስክር ይለዋል?

እኔም እኮ ፈርጃለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ቆሜ፣
ብርቱካን ማሸጊያ ቤት፣ ጣቴን ታምሜ፣ አገግሜ፤
ፍሬው በማሽን ሲነጉድ አውራ ጣቴ ነካ አዙሮ፣
ይቺ ለሳጥን፣ ያቺ ለጭማቂ፣ ፍርዱ ከጥቅሻ አጥሮ።
ማንም ይግባኝ አላለኝ።
ስንት ደኅና ፍሬ እንደ ጣልሁ ግን አንዳንድ ሌሊት አስባለሁ።
የብርቄንና የባሏን ነገር ደግሞ ሰባት ወር ነው ያየሁ፤
በስድስተኛው ወር ነበር የዝምታው ምክንያት የገባኝ፣
ጆሮው ነበር እኮ የደነቆረ! ኩራት መስሎ የታየኝ።

ታዲያ ይህ ምኑ ነው? ብርቱካን ነው ወይስ ትዳር?
«አምጡት፣» አልሁ፣ «ተከሳሹ ራሱ ቀርቦ ይናገር።»

ዐሥራ አራት ጊዜ ወንዝ ገባሁ። ዐሥራ አራት ጊዜ ሞትሁ።
ኢታይ መሬት ላይ ተንከባለለ፣ እኔ ግን አልሳቅሁ።
አውራ ጣቴ፣ ያ ፈጣን ዳኛ፣
ግራና ቀኙ ጠፍቶበት እንደ ጥጃ ሲደናበር፣
አንድ ሰዓት ሙሉ የከሰስሁት
ለካ ጨዋታውን አልነበረም፣
የገዛ እጄን ነበር።

ዓርብ ከማለዳ ጀምሬ ሳልቆም ድንጋይ ተሸከምሁ፤
ትርንጎ ከወጥ ቤት፣ «ጡረታ ወጥቶ ቀን ሠራተኛ!» ስትል ሰማሁ።
በአምስተኛው ሰዓት ግድም ጭጋጉ ውስጥ
የውኃው ድምፅ ይለይልኝ ጀመር፦
ጥልቁ ያጉረመርማል፣
መሻገሪያው እንደ ልጅ ይንተባተባል።
ይህን ኢታይ አልሰማውም። አቪሻይም ረስቶታል።

ድልድዩ ግማሽ ሲደርስ ፀሐይ አዘቀዘቀች፣
ትርንጎም ቴሌቪዥኑን አጥፍታ ሻማዋን ለኮሰች።

በማግስቱ ጸሎት ቤት ቆሜ፣ ቄሱ አይስሙኝና፣
ድንጋይ ስቆጥር አረፈድሁ።
ልጆቹ በር ላይ ያዙኝ፦ «ፍርዱስ አባባ?»
«ቀጠሮ ሰጥቻለሁ።»
«ለመቼ?»
ዝም አልሁ፣ እንደ ብርቄ ባል።

አሁን ሰገነት ላይ ነኝ፣ ሰንበት እስኪወጣ፣
ሦስት ኮከብ እጠብቃለሁ።
አንዱ ከውኃ ጋኑ በላይ ወጥቷል።
ሁለተኛው ከጎረቤት የልብስ ገመድ አጠገብ፣ ፈዘዝ ብሎ።
ሦስተኛውን አየሁ ብዬ ልጆቹን ልጠራ ስል
ተንቀሳቀሰ፤
አውሮፕላን ነው፣ ወደ ሎድ የሚወርድ።

ተመልሼ ተቀመጥሁ።