የአልጋው ሒሳብ

ባነሩ ላይ ዛሬ «ሠላሳኛ» ይላል፤
ወንበር ያላገኘ ደጅ ላይ ቆሞ ያያል።
ጸሐፊ ነኝና እውነቱን ልመዝግብ፤
መነሻው ጸሎት አይደለም፣ የቆጠራ ጠብ።

ሐምሌ ነው። ጣርማ በርን ጉሙ ጥርግ አርጎ ውጦ፣
አይሱዙው ደብረ ሲና ቀረ ጎማው ሰምጦ።
በእትዬ አሰገደች አልቤርጎ አንድ የተረፈ አልጋ፣
ለሦስታችን አንድ ብርድ ልብስ፣ እስኪነጋ።
ወንጌላዊ ሽመክት ከግድግዳው፣ መጋቢ ደምሰው ከዳር፣
እኔ መሐላቸው፣ እንደ ወሰን ድንበር።

«ራሳ ያመኑት አቶ ወንድይፍራው የእኛ ናቸው» አለ።
«በእኛም መዝገብ አሉ» ሌላው ቀጠለ።
አንድ ሽማግሌ፣ በሁለት ሪፖርት ሁለት ነፍስ ሆነው፣
በሁለት አዳራሽ እልል ተብሎላቸው!
ብርድ ልብሱ ተጎተተ፤ የእኔ እግር ቀዘቀዘ፤
ከግድግዳው ወዲያ ድምጿ መጣ፣ እንቅልፍ የያዘ፦
«እናንተ ሰዎች፣ ከወንዙ ማዶስ ማን ሄደ?»
ማንም አልመለሰ።
ዝናቡ ወረደ።

ሲነጋ፣ በናፍጣ ደረሰኝ ጀርባ
ጥያቄዋን ጻፍኩት።
ተሰብሳቢ፦ ሦስት። አጀንዳ፦ አንድ።
ውሳኔ፦ አብሮ መውረድ፣ መንገዱ ሲደርቅ።

እሷ የማናችንም አባል አልነበረችም።
የአልጋውን ማን ከፈለ?
እስከ ዛሬ ድረስ
ሁለቱም መዝገብ «እኛ» ይላል።