የእኔው የት ነው?

ኦሉ ከተማ፣ ጥር ላይ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል፤
ወንዙ ድንጋይ ሆኖ፣ ብስክሌት በላዩ ያልፋል።
ሲርካ አምፖል አላበራችም፤ የስክሪኑ ብርሃን በቅቷታል፤
ከእንጨት መሰንጠቂያው ታውኖ ሦስቴ ደውሎላታል፦

«መጋዙ ሥራ ፈታ እኮ! ቆጣሪሽን ምን ነካው?
ካሜራው ግንዱን ካየው ቆየ፤ ምነው እስካሁን ያልለካው?»

አሥራ ስድስት ክር ነው የፈተለችው፣ ግንዱን ተካፍሎ የሚቆጥር፤
ለእያንዳንዱ የግሉን ሰጥታ፣ ሌላው የማይነካውን ቁጥር።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ ቢሻማ ግን ይተበተባል፤
የግል ሲሆን ወረፋ የለ፣ «ቆይ ልቅደም» ማን ይባባላል?

ጊዜ መዝጋቢውን ከፈተች። ዝርዝሩ ወረደ በተራ፤
መቁጠር፦ ከመቶ ሁለት። ምስሉን ማንበብ፦ ስድሳ ሰባት።
ሠላሳ አንዱስ የማን ሥራ?

ሠላሳ አንዱ ጥያቄ ነው።
የእኔው የት ነው?
የእኔው የት ነው?
በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ፣ ያው ክር፣ ያንኑ ደጅ ጠንቶ፤
ቁጥሩ ካለበት ሳይነቃነቅ፣ መልሱን ትናንትም ሰምቶ።

በዋናው ፕሮግራም ውስጥ ቢሆን አንድ እርምጃ ነበር።
ላይብረሪ ውስጥ ነው ያኖረችው፣ ዘግይቶ በሚጫን ጓዳ፤
ኮምፓይለሩም ስፍራውን አያውቅ፣ በረኛ ይጠይቃል እንደ እንግዳ።

ጎረቤቷ ትዝ አላት፣ ሽማግሌው ኦይቫ፤
ምድር ቤት፣ በሽቦ የታጠረ፣ አሥራ አራት ቁጥር ዕቃ ቤት ነበረው።
ማንም አይነካበትም፤ ቁልፉም አንገቱ ላይ ነው፤
ግን በየማለዳው ይወርድ ነበር፣ ጠባቂውን፦ «የእኔው የት ነው?»
«አሥራ አራት፣ በግራ በኩል፣ ከቀይዋ ጀልባ አጠገብ።»
ይሰማል። ያመሰግናል።
ነገ ደግሞ ያው ደረጃ፣ ያው ጥያቄ፣ ያው አደብ።

መስከረም ላይ፣ ቁጥሩን ጽፋ፣ በጣት የምታህል ወረቀት
ከቁልፉ ጋር አሰረችለት።

በኮዱም እንዲሁ አደረገች፦ ከዙሩ በፊት አንዴ ጠየቀች፤
አድራሻውን በእጇ ይዛ፣ ሚሊዮኑን ዙር ዞረች።
ሠላሳ አንዱ ሟሸሸ። ታውኖም ሳይደውል አመሸ።

ከኮዱ አናት ማስታወሻ ጻፈች፣ እጇ እያመነታ፦
«ሥራው ክር ከለወጠ፣ ይህ አድራሻ ውሸት ነው፤ ይጠየቅ ባዲስ ቦታ።»

ኅዳር ላይ ኦይቫን ወሰዱት፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ መጦሪያ፤
አሥራ አራት የሌላ ሆነ፤ የልጅ ስኪ መደርደሪያ።
እሁድ ልትጠይቀው ሄዳ፣ ቁልፉን ካንገቱ አውጥቶ አሳያት፤
«ይኸው፣ ካንቺ ወዲህ» በኩራት፣ «ማንንም አልጠየቅኩም» አላት።