የነሐሴ ቁጥጥር

ዶሮ ማነቂያ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ አሥራ አንድ ደረጃ ወደ ታች፣
ዣንጥላዬ እየተንጠባጠበ ገባሁ፤ አንዲት አምፖል በራች።
ከጣራው ብረት፣ በሲባጎ ወገባቸውን ታስረው፣
መቶ ምናምን ሳላሚዎች ተንጠልጥለዋል ተደርድረው፤
ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ። ሻጋታ።
ልቤ «ያዝኩት!» አለ በደስታ።

ቅጼ ላይ ያሉት ሁለት ሣጥኖች ናቸው፦ «ንጹሕ» ወይ «ይወገድ»፤
እስክሪብቶዬን ከፈትኩ፣ በሁለተኛው ልፈርድ።

«ቆይ እስቲ» አለኝ ጋሽ ቢተው፣ ስሙ እንጂ እሱ የማይተው፤
ጣቴን ይዞ ነጩ ላይ አስኬደው።
ደረቅ ነው። እንደ ፍርኖ ዱቄት ልሙጥ፤
ሽታውም ክፉ አይደለም፤ ዝናብ የነካው አፈር፣ የእንጉዳይ ውስጥ።

«ማታ ደጅሽ ላይ ማነው፣ ጋቢ ለብሶ የሚያድር?
ዘበኛ አይደል? እሱ እያለ ሌባ አጥርሽን አይደፍር።
ይኸም ዘበኛ ነው፤ ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ
ጥቁሩን፣ ጸጉራሙን «ቦታ የለም» የሚል፣ ዙሪያውን ከቦ።
ቆዳው ቀድሞ ደርቆ ውስጡን እንዳያፍነው፣
እርጥበቱን በልክ በልኩ የሚያስወጣም እሱ ነው።»

ከማዕዘን አንዷን አወረደ፤
የምስር ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነጥብ።
«ይቺ ግን ሌባ ናት።» ኮምጣጤ በነከረው ጨርቅ ጠረጋት።
«ጥቁር ከገባባትማ ለውሻም አልሰጥ። እቀብራታለሁ።»

«እስቲ ቅመሰው» አልኩት፣ ማስረጃ ፈልጌ።
ሳቀ። «ፍልሰታ እኮ ነው፣ ልጄ!
እስከ አሥራ ስድስት ዳኞቼ አፍንጫና ጣት ናቸው፤
ምላሴ ሱባኤ ገብቷል።»

ለእኔ ሻጋታ የወር መጨረሻ ስም ነበር፦
እናቴ የዳቦውን ጠርዝ ቆርሳ ጥላ
የቀረውን ለአምስት የምታካፍልበት ሳምንት።
የዳቦው ሌላ ነው፤ አሁን አውቃለሁ።
ግን ይህን ማኅተም የያዝኩት፣
ምናልባት፣ ያንን ሳምንት ልበቀለው ነበር።

ሦስተኛ ሣጥን የለም። ኅዳጉ ላይ ጻፍኩ፦
«ነጭ፣ ደረቅ። ይቆይ። በጳጉሜን ተመልሼ አያለሁ።»

ዝናቡ አባርቷል። ታክሲ ውስጥ ሒሳብ ስሰጠው፣
ረዳቱ «እህት፣ ጣትሽን ኖራ ነክቶታል» አለኝ።
አየሁት።
አልጠረግሁትም።